ከግራ የሚመጣ ብርሃን

ቶሩን ፖስታ አዳይ ናት። ጠዋት በኖርዌይዋ የበርገን ከተማ ዳገት በዝናብ ስትወጣ ስትወርድ ትውልና ከሰዓት በኋላ ሥዕል ትሥላለች። ከሥዕል ትምህርት ቤት አብረን ከወጣን አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው። እዚያ ሳለን መምህራኑ በየሳምንቱ ሥራችንን ደርድረው ልክ ልካችንን ይነግሩን ነበር፤ ከወጣን በኋላ ግን እውነቱን የሚነግረን ጠፋ። ዘመድ «ጎበዝ» ይላል፤ ኤግዚቢሽን ላይ ወይን የያዘ ሁሉ «ደስ ይላል» ይላል። እንደ «ደስ ይላል» ሠዓሊ የሚገድል ነገር የለም።

ስለዚህ ቶሩን፣ እኔና ድንጋይ ጠራቢው ኤይሊፍ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ አሮጌ የዓሣ መጋዘን ውስጥ እንገናኛለን። ሕጋችን ቀላል ነው፤ የሥራው ባለቤት ሌሎቹ እስኪጨርሱ ትንፍሽ አይልም፣ ተመልካቹም ከመፍረዱ በፊት ያየውን ይናገራል።

በመጋቢት ቶሩን ስድስት ሥዕሎች ይዛ መጣች። ከዘጠኝ ዓመት ቆይታ በኋላ እንደገና የራሷን ኤግዚቢሽን ልትከፍት ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። መሃል ላይ ያቆመችው እናቷን ወይዘሮ ኦድቬግን ወጥ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው የሚያሳይ ምስል ነበር። ምስጋና እንደጠበቀች ያስታውቃል፤ ኬክ ጋግራለች።

ኤይሊፍ ጢሙን እያሻሸ ሥዕሎቹን ሁለት ጊዜ ዞራቸው። «የማየውን ልንገርሽ። ወደቡም፣ ገበያውም፣ አሮጊቷም ብርሃናቸው ከግራ ነው። ስድስቱም።»

እኔ መቼም ምላሴን አልገታም። «የእናትሽ ወጥ ቤት መስኮት በቀኝ አይደለም እንዴ? ስንት ቀን ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ በልቼበታለሁ! ይህን ብርሃን ግን የሆነ ቦታ…»

ክው አልኩ። የትምህርት ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የሥዕል ክፍል! ትልቁ መስኮት በግራችን ነበር።

«አንቺ ሴት፣ እስካሁን ከክፍል አልወጣሽም!» አልኳት።

ቶሩን አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመች። ሕግ ነው። ፊቷ አመድ መሰለ። ተራዋ ሲደርስ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት!» አለችና ሥዕሎቿን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኬኩም ሳይቆረስ ቀረ።

በማግስቱ ደወለች። «ጉድ ያደረግኸኝ አንተ ነህ፤ ና ሸራዬን ተሸከም።»

እናቷ ቤት ጫማችንን አውልቀን ገባን። ቶሩን ወጥ ቤት ውስጥ ከወይዘሮ ኦድቬግ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ እርሳሷን አነሣች፣ ደርቃ ቀረች። ከአራት ዓመት በፊት ስትሮክ የመታቸው በመስኮቱ በኩል ያለውን ጎናቸውን ነው። ብርሃኑ ሁሉ በዚያ በተንጠለጠለ ጉንጭና በማይከደን ዐይን ላይ ፈስሷል። በሥዕሉ ላይ ያ ጎን ድቅድቅ ጨለማ ነበር። እኔስ ብሆን? ያን ሁሉ ዋፍል ስበላ አንድ ቀን ደህና አድርጌ አላየኋቸውም ኖሯል። በራሴ አፈርኩ።

«ምን ሆነሻል ልጄ? እርሳስሽ ደነዘ?» አሉ አሮጊቷ።

«እማ፣ ብርሃኑን ከግራ አድርጌ ነው የሣልኩሽ። መስኮቱ ግን በዚህ በኩል ነው። ሳላስበው ነው፣ የትምህርት ቤት ልማድ…»

«ሳታስቢው?»

«እውነቴን ነው።»

ወይዘሮ ኦድቬግ የተንጠለጠለውን ጉንጫቸውን በጣታቸው ነኩ። «ሥዕሉን ስታሳዪኝ ይህን ጎኔን አጥቁረሽው አየሁ። አፍራብኛለች ብዬ ‹ደስ ይላል› አልኩሽ።»

እርሳሱ ከቶሩን እጅ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሣሁላት። አሮጊቷም ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ።