አባ ሙጫ እና የጉድጓዱ ታሪክ

የባለቤቴን አባት ሰፈሩ «አባ ሙጫ» ይላቸዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ጥፍራቸው ሥር ደረቅ ሙጫ አይጠፋም። እኔ «አባባ» ነው የምላቸው።

ጠራዥ መጽሐፍ አያነብም፤ ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የታተመው ወረቀት አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ ሆኖ ታጥፎ ይመጣላቸዋል። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛነፍ የእያንዳንዱን እጥፋት የመጀመሪያና የመጨረሻ መስመር አይተው ይሰፉታል። መሃሉ የሌላ ሰው ሲሳይ ነው። በወጣትነታቸው የአንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ቤተሰብ ልብ ወለድ አምስት መቶ ቅጂ ሰፍተዋል። አሥራ አራተኛው እጥፋት «ሦስቱም ወንድማማቾች በማለዳ ወደ ጉድጓዱ ወጡ» ብሎ ይጀምራል። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ሁለቱ ሲመለሱ እናታቸው በር ላይ ቆማ ነበር» ይላል።

«ማን ቀረ? ታላቁ ነው ትንሹ? አምስት መቶ ጊዜ በእጄ አልፎ አላውቀውም እኮ!» ይሉኛል።

ጡረታ ስወጣ አነበዋለሁ ሲሉ ዓይናቸው ቀደማቸው። ሐኪሟ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም እየሳሳ እንደሚሄድ ቁርጡን ነገረቻቸው። የወረቀት ፊደል ጉንዳን ሆነባቸው።

እኔ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልወድም። መጽሐፉን ቤተ መጻሕፍት አገኘሁት፤ ግን እዚያው ይነበባል እንጂ አይወጣም። ልጄን አዝዬ ሳምንት ሙሉ እየተመላለስኩ ገጽ በገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ከዚያ ወደ አሮጌው ታብሌታችን አሻገርኩና፣ ስልኬ በልጄ ፎቶ ጢም ብሎ ስለነበር ከስልኬ ላይ አጠፋሁት።

አባባ በሁለት ጣት ገፋ ሲያደርጉት ፊደሉ አበጠ።

«ወይ ጉድ! ይሄማ ፊደል አይደለም፣ የቤት ቁጥር ነው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር አልነሳ አሉ። ገጽ ለመግለጥ ጣታቸውን በምራቅ ያረጥባሉ፣ መስታወቱ ደግሞ እርጥብ ጣት አይሰማም። «አባባ፣ ጣትዎን ያድርቁት!» እያልኩ በቀን አሥር ጊዜ እጮሃለሁ። ባትሪው ሲያልቅ «የሚርበው መጽሐፍ ገጠመኝ» ብለው ይስቃሉ። አንድ ነገር ግን አልዋጥ አላቸው።

«መጽሐፍ ስትይዢ ቀኝ አውራ ጣትሽ ስንት እንደቀረሽ ይነግርሻል። ይሄ መጀመሪያውም መጨረሻውም አንድ ውፍረት ነው። የት እንዳለሁ በምን ልወቅ?»

«ታዲያ ለምን ዘለው አሥራ አራተኛውን እጥፋት አያዩትም?» ስላቸው ተቆጡ።

«ሠላሳ ዓመት በጠበቅኩት ቤት በጓሮ በር አልገባም!»

አሥራ ሦስተኛውን የጨረሱ ዕለት ደስታቸው የልጅ ነበር። «ነገ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነኝ» አሉኝ። ለታብሌቱ ራሳቸው የሠሩለት የቆዳ ሽፋን ጀርባው ለቆ ነበርና፣ ለነገ ይድረስ ብለው ሙጫ ቀቡት። እኔ ውጭ ልብስ አሰጣለሁ። ባዶ ሽፋን ሲደርቅ ይጣመማል፤ መጽሐፉ ውስጡ ሆኖ ነው የሚጨመቀው። የሙያው ሕግ ነው። አባባም ታብሌቱን ከነሽፋኑ ከሥራ ዘመናቸው ቤት ካስቀሩት የብረት መጭመቂያ ሥር አስገብተው፣ እንደ ልማዳቸው እጀታውን ሦስት ጊዜ ዞር ዞር አድርገው፣ ለመጨረሻ አንዴ ጠበቅ አደረጉት።

ስገባ መጭመቂያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«የኔ ልጅ፣ ቀጭ አለ።»

ስልክ ጠጋኝ ጋ አብረን ሄድን። ሰውየው ታብሌቱን ሲያበራው ውስጡ ጮኸ፤ ፊቱ ግን ጥቁር ነው።

«አባት፣ ውስጡ ደህና ነው። የዚህ ዓይነት ስክሪን ግን መምጣት ካቆመ ቆይቷል።»

«ታዲያ ውስጡን ብቻ አውጣልን» አልኩት።

«ለማውጣትም የይለፍ ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ መንካት አለብሽ፣ እህቴ። የሞተ ፊት ምን ይነካል?»

ከዚያው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በረርኩ። ለእድሳት ተዘግቷል፤ መጽሐፉ ሁሉ በካርቶን ታሽጎ መጋዘን ገብቷል። ዘበኛው መቼ እንደሚከፈት አያውቅም። ማን እንደሚያውቅም አያውቅም።

ቤት ስመለስ አባባ ወንበራቸው ላይ ጠበቁኝ።

«ቆይ እንጂ! አንቺ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስተሻል። ማን ቀረ?»

ያን ሁሉ ገጽ ሳነሳ ያየሁት ጠርዙን ብቻ ነበር፤ ቀጥ ማለቱን፣ ጥላዬ አለማረፉን፣ ቁጥሩ አለመዘለሉን። አንድ መስመር አላነበብኩም። ታላቁ ነው ብዬ ልዋሽ አሰብኩ። አልቻልኩም።

«አላነበብኩትም፣ አባባ።»

አባባ ሳቁ። «በይ እንግዲህ፣ አንቺም ጠራዥ ሆነሻል።» ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

አሁን ገበያ ስወጣ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል እዞራለሁ። ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም፤ ስልኬ ላይም ቦታ አስለቅቄያለሁ። አባባ በየጠዋቱ ግድግዳው ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ ፊት ቆመው ዓይናቸውን ይፈትናሉ። ባለፈው ወር ቀኑን ጮክ ብለው ያነቡልኝ ነበር።

ዛሬ ብዙ ቆሙ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ «ዛሬ ስንት ነው?» አሉኝ።