ወይን የማያስፈልገው ብስኩት

ሶዶ ውስጥ ሐመልማልን «እትዬ» የማይላት የለም። ጡረታ የወጣች የባልትና መምህርት ናት፤ የከተማው ግማሽ ሴት እንቁላል መምታት የተማረችው ከእሷ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን አንቱታው ለሌሎች ተቀምጧል። ለምን እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይደርስበታል።

ሟቹ ባሏ ዓምደሚካኤል በደርግ ጊዜ ቡልጋሪያ ተልኮ የወይን ልማት ተምሮ የመጣ ሰው ነበር። ሲመለስ ያገኘው ሥራ በቆሎና ስኳር ድንች ማየት ስለነበር፣ ዕውቀቱን የሚያፈስበት ቢያጣ ሚስቱ ላይ አፈሰሰው። ከብስኩት ጋር የሚጠጣ ወይን ከብስኩቱ በላይ መጣፈጥ አለበት፤ ስኳር የበላ አፍ ላይ ጣፋጭ ያልሆነውን ድራይ ወይን ብታስከትልበት ኮምጣጤ ነው የሚሆንብህ ይል ነበር። የቅቤ ኩኪስ ከጣፋጭ ነጭ ወይን፣ የኮኮዋ ብስኩት ከወፍራም ጣፋጭ ቀይ። ሰውየው ይህንን ሲያወራ በትሕትና ነበር። ሐመልማል ዕውቀቱን ስትወርስ ትሕትናውን እዚያው መቃብር ላይ ትታው መጣች።

ከዚያ ወዲህ ከተማውን የምትመዝነው በዚህ ነው። ወይን በኮካ በጥብጦ የሚጠጣ ሰው ካየች «ለአህያ ማር አይጥማትም» ትላለች፤ ሰውየው እንዲሰማም ድምጿን አትቀንስም። ብስኩት ሻይ ውስጥ ነክሮ የሚበላውን ከእነልጆቹ ትንቀዋለች። ከሁሉም የባሱባት ግን ጭራሽ የማይጠጡት ናቸው። «ጴንጤ ሲያገባም ሚሪንዳ፣ ሲቀብርም ሚሪንዳ» እያለች ትስቃለች። አያቷ ከሸዋ ለሹመት የመጡ ሰው ነበሩ፤ እሷ ግን ሶዶ ተወልዳ፣ ሶዶ አርጅታ፣ ወላይትኛ አልችልም የምትል ናት። ትሰማለች፤ መናገሩን ነው የማትፈልገው። ከተማው ደግሞ አብዛኛው ጴንጤ ስለሆነ ለመናቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም።

ታዲያ በእምነት የሚባለው አንድ ልጇ ምን ይዞባት ይምጣ? ሣራን። ሣራ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ አባቷ አቶ ደገፉ ገሱባ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። እሱ ከቅዳሴው፣ እሷ ከመዝሙሯ ሳይለያዩ እንደሚኖሩ ሁለቱ ተስማምተው ጨርሰዋል።

ሐመልማል ሁለት ሳምንት ፊቷን አጥቁራ ከረመች። ከዚያ በእምነት፣ ከተጋባን በኋላ ጓሮ ያለው ቤት ውስጥ እንገባለን፣ ተከራዩን አስወጥቼ ወለሉን ሴራሚክ አደርገዋለሁ አላት። ይሄኔ ፊቷ ተፈታ። ዓምደሚካኤል ከሞተ ወዲህ ይህች ኩሩ ሴት የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ከግቢው ወጥቶ፣ በሩን ዘግታ ለብቻዋ መቅረት። ስለዚህ ጴንጤዋን ዋጠቻት። ዋጠቻት እንጂ አልፈጨቻትም።

ቤተሰቡ እንዲተዋወቅ የሣራ ወላጆች ለገና ተጠሩ። ሐመልማል አራት ዓይነት ብስኩት ጋገረች። ሦስቱ እንደ ወጉ ነበሩ። ለአራተኛው ዘቢቡን ቀደም ብላ በጣፋጭ ቀይ ወይን ዘፈዘፈችው፤ ከኦቨን ሲወጣም ትኩሱ ላይ ያንኑ ወይን በብሩሽ ደጋግማ ቀባችበት። ለማንም አልተናገረችም። ወይን አይነካም የተባለ አፍ ወይን ሲያላምጥ አይቶ ለብቻ መሳቅ፣ ያ ነበር የበዓል ስጦታዋ። አንዲት የተማረች ሴት፣ የስንት ልጆች መምህርት፣ በዚህ ዕድሜዋ ያሰበችው ይህንን ነው።

እንግዶቹ ከገሱባ በዚያ ጎርባጣ መንገድ ተንገላተው ደረሱ። አቶ ደገፉ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትዕዛዝ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ በዘንቢል ይዘዋል። ሐመልማል ቅቤውን በሁለት ጣቷ ተቀብላ ወጥ ቤት አስቀመጠችውና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። በየሳህኑ ፊት ብርጭቆ ደርድራለች። ይህ ከዚህ ጋር፣ ያኛው ከዚያኛው ጋር እያለች እንደ ክፍል ውስጥ አስረዳች፤ ወይዘሮ ትዕዛዝ አማርኛቸው ጥቂት ስለሆነ ሣራ እያስተረጎመች። ትምህርቱ ሲያልቅ አቶ ደገፉ በመዳፋቸው ብርጭቆውን ከደኑት።

«እትዬ፣ እኛ ወይን የሚባል አንነካም። ለስላሳ ካለ ይበቃል፤ ከሌለም ውሃ አለ።»

ሐመልማል ይህንን ስትጠብቅ ነበር። በፈገግታ ብርጭቆዎቹን አነሳሳችና የዘቢቡን ሳህን ወደ መሐል ገፋችው። «እንግዲያው ይሄንን ቅመሱልኝ። ይሄኛው ወይን አያስፈልገውም።»

ቀመሱ። አቶ ደገፉ አንድ በሉና ሌላ ጨመሩ። ወይዘሮ ትዕዛዝ «ሎኦ፣ ሎኦ» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ቤት ለቀሩት የታመሙ አማታቸው ሁለት አስፈቅደው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ሐመልማል ሳቋን በጥርሷ ያዘችው። ዳቦ እንጂ ብስኩት አይተው የማያውቁ፣ ወይኑን ከዘቢቡ የማይለዩ፣ እነዚህ ናቸው ዘመዶቼ የሚሆኑት ብላ ተገረመች። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ማንም አያውቅባትም ነበር።

ግን ሽማግሌ እንግዳ ቤቱን ሳይባርክ አይሄድም። አቶ ደገፉ ተነሥተው ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። ሐመልማልን በስሟ ጠርተው ለእጇ፣ ለጤናዋ፣ ለልጇ፣ ልጆቻቸው ለሚገቡበት ለዚያ ለጓሮው ቤት ሳይቀር ለመኑላት። ጸሎቱ ረዘመ። ሲያልቅ ሁሉም አሜን አሉ። በእምነትም አለ፤ ጮክ ብሎ።

ያ የልጇ አሜን ነው ያቃጠላት። የዓምደሚካኤል ልጅ፣ በአባቱ ሳሎን ውስጥ፣ በጴንጤ ጸሎት! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሷም አመለጠ።

«አቶ ደገፉ፣ ወይን አልነካም ብለውኝ ነበር እኮ። ያ የወደዱት ዘቢብ ወይን ሲጠጣ የሰነበተ ነው። መንካት ብቻ መሰለዎት? ደግመውታል።»

ሣቅ የጠበቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ሣራ አንገቷን ደፋች። እናትየው ምን እንደተባለ በወላይትኛ ጠየቁ፤ ሣራ መመለስ አልፈለገችም፤ ደግመው ሲጠይቁ ነገረቻቸው። ሐመልማል አልችልም የምትለውን ቋንቋ አንድም ቃል ሳያመልጣት ሰማች። ወይዘሮ ትዕዛዝ የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱ፣ ሁለቱን ብስኩቶች ሳህኑ ላይ መለሱ፣ ጣታቸውንም ጠረጉ።

አቶ ደገፉ አልተቆጡም። ቢቆጡ ለእሷ ይቀላት ነበር፤ ከተቆጣ ሰው ጋር መከራከር ታውቅበታለች። ወደ እሷ ዞሩ።

«እኔስ ሳላውቅ ነው የበላሁት፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጄ እዚህ ግቢ ከገባች በኋላ፣ የሚቀርብላትን ሁሉ ምን አለበት እያለች እየጠየቀች ነው የምትበላው?»

ሐመልማል ቀልድ ነው፣ የበዓል ጨዋታ ነው ልትል ጀመረች። በእምነት አላስጨረሳትም።

«አትገባም» አለ። «ሌላ ቤት እንከራያለን።»

የወይዘሮ ትዕዛዝን ዘንቢል አንሥቶ ከእነሱ ጋር ወጣ። ባጃጅ ሲነሣ ተሰማት።

ይህች ሴት ተጸጸተች የሚል ካለ ሐመልማልን አያውቃትም። ለጎረቤት ስታወራ፣ ቀልድ የማያውቅ ሕዝብ ነው አለች። ለይቅርታ ሽማግሌ ላኪ ቢሏት፣ ለብስኩት ሽማግሌ የሚላክበት አገር የት አለ ብላ ዘጋቻቸው። ከፋሲካ በኋላ ገሱባ ሠርጉ ላይ ተገኘች፤ ለስላሳ ቀረበላት፤ ሳትነካው ተመለሰች። የጓሮው ቤት ተከራዩ ከገና በፊት ወጥቶ ሴራሚክ ገብቶለት ነበር፤ አሁን ተቆልፏል። ለማከራየት እጇ እምቢ አላት፤ ማታ ማታ ግን እዚያ መብራት እንደሌለ እያየች በሯን ትዘጋለች።

በእምነት አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው በኩል ተከራይቶ ይኖራል። ጨዋ ልጅ ነው፤ እናቱን አልተወም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለብቻው ይመጣል፣ አምፖል ይቀይርላታል፣ መድኃኒቷን ይገዛላታል። ባለፈው እሑድ የቅቤ ኩኪስ ጋግራ ጠበቀችው፤ ልጅ ሳለ ከኦቨኑ እስኪወጣ የማይታገሠውን። ወይኑን አልከፈተችም። እሱ የሚወደውን ወፍራም ሻይ አፈላችለት፤ ነክሮ ቢበላውም እንዳላየች ልታልፈው ቆርጣለች።

አንዱን አነሣና አገላብጦ አየው።

«እማዬ፣ እዚህ ውስጥ ምን ገባ?» አላት።

«ምን ይገባል ልጄ? ቅቤና ስኳር ነው።»

«እሺ» አለና በቀስታ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ሻዩን ብቻ ጠጣ።