ከመጨረሻው ስም በኋላ

እታለምን ያወቅኋት ቦይ ላይ ነው። ከጅጋ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲሄዱ ከመንገዱ በስተግራ፣ ከምንጭ በተጠለፈ አንድ ቦይ የምናጠጣ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ነበርን። እኔ ከማስተማር በጡረታ ወጥቼ ድንች የጀመርሁ ሰው ነኝ፤ እሷ የማኅበራችን ጸሐፊ ነበረች።

በ2001 ዓ.ም. ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ፍኖተ ሰላም እየወረደች ኮምፒውተር ትማር ነበር። ሴቶቹ «ምን ሊያደርግልሽ?» ሲሏት «ላውቀው ነዋ» ትላለች። ይህን መልስ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከጓደኞቼ እንኳ ብዙም አልሰማሁትም።

ውኃውን የሚያካፍሉን የውኃ አባታችን አያ ክንዱ ነበሩ። የአሥራ ሁለታችንን ተራ በቃላቸው ይዘው ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። በዚያ ዓመት ግን መርሳት ጀመሩ፤ ማኅበሩም ተራው በወረቀት ይሁን አለ። አያ ክንዱ አልከፋቸውም፤ ወይም እንዳልከፋቸው ሆኑ።

እታለም የዚያን ሰሞን ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጀምራ ነበር። አሥራ ሁለቱን ስም በየመስመሩ አድርጋ ፋይል ውስጥ ጻፈች። ፋይሉን ከፍቶ ስም በስም የሚያነብ፣ በየስሙ ጎን ቀን የሚሰጥ፣ ሲጨርስ ከላይ የሚጀምር አጭር ፕሮግራም ሠራች። የትምህርት ቤቱ ማሽን የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ስሞቹ በፈረንጅ ፊደል ነበሩ። ያወጣላትን በእጇ ወደ አማርኛ ገልብጣ መጋዘኑ በር ላይ ለጠፈችው። ስትገለብጥ የመጨረሻው ስም በተከታታይ ሁለት ቀን ላይ መጣባት። አየችው። ማሽን ያውቃል ብላ ጻፈችው። የመጨረሻዋ በለጠች ነበረች፤ የእታለም አክስት።

መጋቢት ላይ፣ ዙሩ በተጀመረ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጧት፣ የተራው አንደኛ ሀይሉ ዶማውን ተሸክሞ ሲመጣ ውኃው በበለጠች ማሳ ውስጥ ይንፎለፎላል።

«እትዬ በለጠች፣ ትናንት አላጠጡም እንዴ?»

«አጠጥቻለሁ። ዛሬም የኔ ነው ይላል ወረቀቱ። ሂድና እይ።»

ሄዶ አየ። ከዚያ እታለምን ሁላችንም ባለንበት አገኛት።

«ማሽኑ አክስት አለው እንዴ?»

«ማሽኑ ነው እንዲያ ያወጣው፣ ወንድም ሀይሉ።»

«ጽሕፈቱስ የማን ነው? የማሽኑ ነው? ድንቼ አበባ ላይ ነው፤ ወረቀትሽን ላጠጣው?»

እታለም ወረቀቱን ከበሩ ላይ ላጠችው። የጠፋው የሀይሉ ግማሽ ቀን ብቻ አልነበረም፤ አያ ክንዱ የበለጠችን መግቢያ ዘግተው እኩለ ቀን ላይ ውኃውን መለሱለት። እታለምን የቸገራት ስሟ ነበር። ለዘመድ ያዳላ ጸሐፊ እንኳን ተራ፣ የቀብር ቀን ቢጽፍ የሚያምነው የለም።

ቅዳሜ ውላ ፕሮግራሙን አገላበጠች። እንከን አጣችበት። ሰኞ ጧት ከአያ ክንዱ ጎን ቆማ ተራውን በቃል ስታስታውሳቸው፣ እሳቸው የላዩን መግቢያ ከፍተው ቆሙ። ስም አልጠሩም። ቦዩን አቀርቅረው ያያሉ።

«ተራው እኮ የታወቀ ነው፤ ለምን አይጠሩም?»

«ምኑን ልጥራ፣ ልጄ? ይኸ የምታይው የትናንት ውኃ ሊሆን ይችላላ! አዲሱ መምጣቱን ሳላይ ብጠራ፣ ሰውየው በትናንት ርጥብ ይታለላል።»

ዘንቢሏን እዚያው ጥላ ወደ እኔ ቤት መጣች። በደብተሬ ጀርባ ሥላ አሳየችኝ። ፕሮግራሟ ከማንበቡ በፊት «ፋይሉ አልቋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ፋይል ግን ማለቁ የሚታወቀው አንድ ጊዜ ሊያነቡ ሞክረው ባዶ ሲመለሱ ነው። በለጠችን አንብቦ ሲጠይቅ «ገና ነው» ይባላል፤ ሊያነብ ይሄዳል፣ ምንም አያገኝም። ስም የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ ግን የቀድሞዋ በለጠች አለች። እሷኑ ደግሞ ይጽፋል።

እታለም ይህን ስትነግረኝ እኔ ሌላ ነገር አስብ ነበር። ባለቤቴ ባረፈች ሰሞን ጧት ጧት ስሟን እጠራ ነበር፤ መልስ ሳጣ ነበር የማስታውሰው። ያለቀ ነገር ማለቁን ቀድሞ አይነግርም።

የቀየረችው አንዲት መስመር ነው፦ መጀመሪያ አንብብ፤ ካገኘህ ጻፍ፤ ካጣህ አቁም።

በዚያው ሳምንት እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ መጋዘኑ በር ላይ ተሰበሰብን።

«ስሙን ሁለቴ ያመጣው የኔ ፕሮግራም ነው» አለች እታለም። «እያየሁ የጻፍሁት ደግሞ እኔ። አክስቴ አላዘዘችኝም።»

«የሚቀጥለውን ተራዬን ሀይሉ ይውሰደው» አለች በለጠች።

«የርስዎን ውኃ ማን ጠየቀ?» አለ ሀይሉ። «እታለም መጨረሻውን ታንብብልኝ።»

እታለም አዲሱን ወረቀት ያዘች። «አሥራ ሁለተኛ፣ በለጠች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም። ከዚያ አንተ ነህ።»

ሀይሉ ወረቀቱን ተቀብሎ በጣቱ እየሄደ እስከ ታች አየው። መለሰላት። ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«አያ ክንዱ፣ እሷ ታንብብ። እርስዎ ግን ውኃውን አይተው ይጥሩን።»

አያ ክንዱ እስኪያርፉ ሦስት ዓመት እንዲሁ ሆነ። እታለም ስሙን ቀስ ብላ ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው ቦዩን አቀርቅረው ይቆያሉ፤ ከዚያ ይጣራሉ።