ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ቢላ

የዚያን ቀን ትእዛዝ የደረሰን በሰፈሩ እናት፣ በአዴ ጫልቱ ጩኸት ነው። ሐምሌ ነበር፤ ሌሊቱን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ አድሮ የአያት ሰፈር ኮንዶሚኒየሞች በጭጋግ ተውጠዋል። እኔና አስር አለቃ ሞላ ከሠራዊቱ ከተሰናበትን ወዲህ ግንባታ ላይ ጥበቃ ነን። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት፣ ፈረቃ ልናስረክብ ስንል ሰማናቸው። ሮጥን።

ላማቸው ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ገብታለች። ውሃው አንገቷ ደርሷል። እርጉዝ ናት፣ መውለጃዋም ተቃርቧል። የእርሻ መሬታቸው ሕንፃ ከሆነ ወዲህ አዴ ጫልቱ ወተቷን ሸጠው ነው የሚኖሩት።

ወረድን። ጭቃው እስከ ጭናችን ዋጠን። አገጯን ትከሻዬ ላይ ደግፌ ያዝኩ። እግሬን ላነሳ ብል አልነሳ አለኝ። ምሽግ ውስጥ ተከበን የማውቀው ፍርሃት ተመልሶ መጣ። ብርዱ አጥንቴ ገባ፤ እሷም እኔም አብረን እንንቀጠቀጣለን።

አፋፉ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ባለ ሉካንዳው ግርማ ቢላውን ይዞ መጣ። በራሷ ከሞተች ሥጋዋን የሚነካ የለም።

«አዴ፣ ሳትሞት ትባረክ። ትንሽ እንኳ ያግኙባት» አላቸው።

«ትንሽ ጠብቅ፣ ልጄ» አሉ።

ገመድ ወረወሩልን። ጭቃ የያዘውን ኦራል የጦር መኪና እንደምናወጣው ቀንዷ ሥር አሰርነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሳብ!» ገመዱ ሾልኮ አንገቷ ላይ ጠበቀ። «ልቀቁ!» አልን። ለቀቁ፤ የራሰው ቋጠሮ ግን አልፈታ አለ። ዓይኗ ፈጠጠ።

ግርማ ቢላውን እንደያዘ ዘሎ ገባ። አዴ ጫልቱ «ያ ዋቅ! አምላኬ!» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔም አበቃላት ብዬ ነበር። ቢላውን አንገቷ ሥር ሰደደ፤ ገመዱን በጠሰው። ላሚቱ ተነፈሰች። ቢላው ከእጁ አምልጦ ሰጠመ፣ እሱም እንደኛው ተተከለ።

«እኔንስ ማን ያወጣኛል?» አለ። ሞላ ሳቀ።

ሰዉ በአካፋ አንዱን ጎን ንዶ መወጣጫ ሠራ። ገመዱን በደረቷና በታፋዋ አዙረን አወጣናት፤ ቀጥሎ እኛም በገመዱ ተስበን ወጣን። በወታደር ካፖርታችን ሸፍነን በጭድ ሰውነቷን አሸንላት። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ በእግሯ ቆመች።

ማታ የሞተ ጥጃ ወለደች። ጥጃ ያላየች ላም ወተት አትሰጥም። ግርማ የአዴ ጫልቱን ቢላ ተውሶ የጥጃውን ቆዳ ገፈፈ፣ ጭድ ሞላበት፣ ሰፍቶ አጠገቧ አቆመው።

ልጆች፣ ስለ ጦርነት ስትጠይቁኝ ይህን የምነግራችሁ ያኛውን መናገር ስለሚከብደኝ ነው። የዚያ የጉድጓዱ ቀን ሙታችን አንድ ጥጃ ብቻ ነበር። እናቱ ጭድ የተሞላውን ቆዳ አሸተተችው፣ ከዚያ ትልሰው ጀመር፤ ወተቷም ወረደ። አዴ ጫልቱ እያለቀሱ አለቧት።