ጋሽ ሙሔ እና እኔ ያልነካሁት ቁልፍ

ጋሽ ሙሔ ሲራጅ ወደ አኼራ መሄዳቸውን የሰማሁት ከዙህር ሶላት በኋላ ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ነው። መጀመሪያ አላመንኩም፤ ሰው ልኬ አስጠየቅሁ። እውነት ሆነ። ከሚሴ ላይ ሬዲዮና ቴፕ፣ ኋላም ኮምፒውተር ሲጠግኑ የኖሩት ሰው በሦስት ቀን ሕመም አለፉ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጅዑን።

አስከሬናቸው ከቤት ሲወጣ፣ እንደ ደንባችን፣ ታላቅ ወንድማቸው በር ላይ ቆመው «ሙሔ ላይ ሐቅ ያለው ይጠይቅ፤ ያለዚያ አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት» አሉ። ወንዱም ሴቱም «አውፍ ብለናል» አለ። እኔ ዝም አልኩ። አጠገቤ የቆመችው ፋጡማ ዝምታዬን አይታለች። ፋጡማ ደግሞ ያየችውን ይዛ የምታድር ሴት አይደለችም። ከእሷ አፍ ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ማመልከቻ የምጽፈው ከዲጃ ነኝ። ፋጡማ ከእኔ በኋላ መጥታ፣ ግድግዳዬን ተደግፋ፣ ያንኑ ሥራ የከፈተችው ናት።

ስለ ሟቹ ሥራ የማውቀውን አልሸሽግም። ጋሽ ሙሔ የፈቱትን ብሎን ሁሉ በጠርሙስ ክዳን ላይ በተራ ይደረድሩ ነበር። «ብሎን ቤቱን አይረሳም፤ የሚረሳው ሰው ነው» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ከጨፋ ሮቢት የመጣች ሴት የሟች ባሏ መንዙማ ያለበትን ካሴት ተበጥሶባት ይዛ መጣች። ክሩን በምላጭ አስተካክለው፣ በፕላስተር ቀጥለው ቴፑ ውስጥ ከተቱት። የሰውዬው ድምፅ ሲሰማ «እስክትጨርሺ እኔ ውጪ ነኝ» ብለው ሱቃቸውን ለቀውላት ፀሐይ ላይ ቆሙ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ጊዜ «ለታይታ ነው» ብዬ ነበር።

የእኔና የእርሳቸው ነገር በኮምፒውተር መጣ። ታይፕ ትቼ ኮምፒውተር ስገዛ የከሚሴ መብራት እንደምታውቁት ነበር፤ መጥቶ ይሄዳል፣ ሄዶ ይመጣል። ማሽኑ አንድ ቀን በሥራ ላይ እያለ መብራት ጠፋበትና በማግሥቱ አልነሳ አለ። ጋሽ ሙሔ መጡ። የመጫኛ ሲዲ ከተው እንደ አዲስ ይጭኑት ጀመር። መሃል ላይ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ሲነሳ እጄን ወደ ቁልፎቹ ሰደድኩ። እጄን መለሱት።

«ተይ ከዲጃ! ሲነሳ አይነካም። ሶላት ላይ እንዳለ ሰው ቁጠሪው፤ ከፊቱ አይታለፍም።»

ይህን ቃል ያዝኩ። እኔ ከተነገረኝ የማፈርስ ሰው አይደለሁም።

ሲዲውን በፖስታ አድርገው ሰጡኝ። «ሌላ ጊዜ እኔን መጠበቅ የለብሽም፤ ክተቺውና አስነሺው» አሉኝ። ማሽኑ እንደገና ሲወድቅ ከተትኩ። ጥቁሩ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ነጭ መስመር መጣ፣ ጥቂት ቆየ፣ ጠፋ፤ ያው የተበላሸው ገጽ ተመለሰ። አውጥቼ በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ከተትኩ። ያው ነው። ጋሽ ሙሔ ተጠሩ፤ ተቀመጡ፤ ቢስሚላህ አሉ፤ ተነሳ። በሌላ ጊዜም እንዲሁ። በሦስተኛው ዓይኔን ከእጃቸው ሳልነቅል ጠበቅሁ። ረጅሙን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት፤ እኔ የእጅ ልማድ መሰለኝ፣ ባለ አህያ አህያውን እንደሚቸበችብ።

«ለእኔ እምቢ ያለው ለእርስዎ እንዴት እሺ አለ?» አልኳቸው።

«ወዶኝ ነዋ!» ብለው ሳቁ።

ያ ሳቅ አልጣመኝም። ባለጉዳዮቼ ማሽኔ ባልተነሳ ቁጥር ወደ ፋጡማ ዞረዋል። ፋጡማ ደግሞ የሚስታቸው ጓደኛ ነበረች። ነገሩን አገናኘሁት። «ጋሽ ሙሔ ማሽን አስረው ይመልሳሉ፤ ያለ እርሳቸው እንዳይፈታ» አልኩ። አንዴ ብቻ አላልኩም፤ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አልኩ።

ወሬው ሲሰፋ አባጋሩ፣ ከተማችን ውስጥ ጠብ የሚያስታርቁት አባት፣ ሁለታችንንም አስጠሩን። ግቢው ወንድ ሞልቶበት ነበር። ፋጡማም በሩ ሥር ቆማለች። ተነሥቼ ተናገርኩ።

«ሲዲውን ሦስት ጊዜ ከተትኩ። እርሳቸው እንዳስተማሩኝ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አንድም ቁልፍ ሳልነካ ጠበቅሁ። አልተነሳም። እርሳቸው ሲመጡ ይነሳል። ታዲያ ማን አሰረው?»

«አንድም ቁልፍ ሳልነካ» ስል ጋሽ ሙሔ ቀና አሉ። አፋቸውን ከፈቱ። ወንዶቹን አዩ፣ በሩ ሥር ያለችውን ፋጡማን አዩ፣ እኔን አዩ። አፋቸውን መልሰው ዘጉት።

«ሙሔ፣ ምን ትላለህ?» አሉ አባጋሩ።

«የምለው የለኝም፣ አባ።»

«በቁርአን ይማል እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ለብረት ብዬ ቁርአን አልይዝም» አሉና ተቀመጡ።

አባጋሩ «ለአላህ ስጡት» ብለው በዱዓ ዘጉት። አገሩ ግን አልዘጋውም። ከባቲ ሬዲዮና ቴፕ ይዞላቸው የሚመጣው ሰው ኮምቦልቻ ላይ እያስጠገነ መመለስ ጀመረ። እኔም አለመማላቸውን እንደ ማስረጃ ይዤ ዞርኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ማሽኑ እንደገና ወደቀ። ከተማው አቧራ ነበር። ሲዲውን ከትቼ፣ ነጩ መስመር እንደ ልማዱ ሲመጣ፣ በንዴት ጨርቅ አንሥቼ ቁልፎቹን መጥረግ ያዝኩ። ሲዲው አጓራ። ሰማያዊው የመጫኛ ገጽ መጣ። አጠፋሁት። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ሞከርኩ፤ እምቢ። በአንድ ጣት ነክቼ ሞከርኩ፤ ተነሳ። አሥር ጊዜ ደጋገምኩት፤ እኔ በአንድ ጊዜ አላምንም። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ መምህር ነጩን መስመር አነበበልኝ፤ «ከሲዲ ለማስነሳት የፈለጉትን ቁልፍ ይጫኑ ነው የሚለው፣ እማማ።»

ለካ «አይነካም» ያሉኝ መጫኑ ከተጀመረ በኋላ ላለው መነሳት ብቻ ነበር፤ ያኔ ከተነካ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። እኔ ለሁሉም ያዝኩት። እርሳቸውም ለየትኛው እንደሆነ አልነገሩኝም። ይህን ጥፋት ከእርሳቸው ላይ አላነሳም።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቃቸው ሄድኩ።

«አካም ቡልቴ፣ ከዲጃ?» አሉኝ በኦሮምኛ፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው።

«ነጋያ። የባትሪ ድንጋይ ፈልጌ ነው» አልኩ። ይህን ልል አልነበረም የሄድኩት።

ድንጋዩን በወረቀት ጠቅልለው እየሰጡኝ «ተነሳ?» አሉ።

«ምኑ?»

«ዝም ብዬ ነው» አሉና ወደ ሥራቸው አጎነበሱ።

እቤቴ እስክደርስ «ተነሳ?» ያሉትን ለራሴ ደጋገምኩት። ያውቁ ነበር ማለት ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ፣ እኔ በራሴ አፍ ስናገር፣ አውቀው ነበር።

ጋሽ ሙሔ፤ አንቱን ለዓመታት ጠርጥሬያለሁ፤ ዛሬም መጠርጠሬን አልተውኩም። ያን ቀን አንድ ቃል ቢናገሩ ስምዎ ይነጻ ነበር፤ እኔ ላይ ግን ያ ሁሉ ወንድ፣ ፋጡማም ጭምር፣ ይስቅብኝ ነበር። እንዳይሳቅብኝ ዝም አሉ? ማን ለመነዎት? ወይስ ራሴ መጥቼ እስክናገር እየጠበቁኝ ነበር? መጥቼ ነበር፤ ድንጋይ ገዝቼ ተመለስኩ። በርዎ ላይ ዝም ያልኩት አንቱ ላይ ሐቅ ኖሮኝ አይደለም። እኔ ላይ ያለው የአንቱ ሐቅ አፌን ይዞት ነው። ሰው ፊት ያልኩትን እነሆ ሰው ፊት መለስኩ፤ ጋሽ ሙሔ የማንንም ማሽን አላሰሩም። ፋጡማም ድምጿን ከፍ አድርጋ ታንብበው። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ። አውፍ ይበሉኝ። ለጠየቁኝም መልሱ ይኸው፤ አዎ ጋሽ ሙሔ፣ ተነስቷል።