አስተርጓሚው የተሰረዘበት ቴአትር

ዛሬም «የትምህርት ቤት ቴአትር» የሚል ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ልጆቼ «እማዬ ደግሞ፣ የልጅነት ነገር!» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እኔ ግን አልስቅም።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን፣ ቦታው ሱሉልታ ነው። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ጎጃም መንገድ ዳር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። ከኋላዬ ዴስክ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነው። እኔ ኦሮምኛን ከሱቃችን ደንበኞች፣ እሱ አማርኛን ከትምህርት ቤት ለቅመን፣ ስንጣላ በአንዱ፣ ስንታረቅ በሌላው እናወራ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ሳለን አባቱ ተከሰሱ። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ባለርስት፣ እሳቸው ከአባታቸው የወረሱትን የሣር ሜዳ «የእኔ ነው» አለ። ሱሉልታ ላይ የሣር ሜዳ ማለት ከብቱም፣ ወተቱም፣ ለከተማ የሚሸጠው ድርቆሽም ነው፤ ኑሮው ጠቅላላ ማለት ነው። የፍርድ ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ብቻ ስለነበረ አማርኛ የማይችል ሰው ቃሉን የሚሰጠው በአስተርጓሚ ነው። እሳቸው ምላሳቸው እስኪደርቅ ድንበሩን፣ ምንጩን፣ የሚያውቁላቸውን ጎረቤቶች አንድ በአንድ ተናገሩ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገና «ሜዳው የባለርስቱ መሆኑን አምኛለሁ ይላል» አለ። ተጻፈ፤ ተፈረደ። ጥቅምት ላይ ሣሩ ለአጨዳ ሲደርስ እንዲለቁ ተወሰነ።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ዳኛው ነው። ቅዳሜ ገበያ በግ ሲገዛ የሚከራከረው በኦሮምኛ ነበር፤ ያውም ቀልድ እየጨመረበት። ጆሮው የሚደፈነው ችሎት ሲቀመጥ ብቻ ነው። የጓደኛዬን አባት «እሳቸው» እያልኩ ዳኛውን «እሱ» የምለው ተሳስቼ አይደለም። አንቱታ ለሚገባው ነው።

ቴአትሩን የጻፍነው በዚህ ንዴት ነበር። ገበሬው በኦሮምኛ ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ አስተርጓሚው «አጥፍቻለሁ ይላል» ብሎ ይቋጨዋል። ገበሬው ደንግጦ እንደገና ያስረዳል፤ አስተርጓሚው «በሬዬንም ጨምሩበት ይላል» ይላል። ዳኛው ሁሉን እየሰማ እንዳልሰማ ጢሙን ያሻሻል። የአገሩ ሰው ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል፤ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይናደዳል ብለን ነበር ያሰብነው። የወላጆች ቀን የክብር እንግዳ ራሱ ዳኛው መሆኑን ስንሰማ በደስታ ዘለልን። ጓደኛዬ ሮጦ ለአባቱ ነገራቸው።

«ባደባባይ ከተባለ ያፍራል» አሉት። «ካፈረ ነገሬን መልሶ ያየዋል።»

ድርሰቱን ለአማርኛ አስተማሪያችን ሰጠነው፤ ቴአትር የሚያሠለጥነው እሱ ነበር። ሲያነብ ሳቀ። በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ጥርሱ ሁሉ ታይቷል! የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ከእናቱ ጋር የሚያወራው በኦሮምኛ ነው። ኋላ ግን ፊቱን ኮስተር አደረገና «ይህ ቋንቋ መድረክ ላይ አይወጣም፤ ገበሬው በአማርኛ ይናገር» አለ።

«በአማርኛ ከተናገረማ አስተርጓሚው ምን ሊሠራ ነው?» አልኩት።

«እውነትሽን ነው» አለና አስተርጓሚውን ሰረዘው።

ጭራሽ! ተከራከርኩት። «አንቺ ደግሞ የነጋዴ ልጅ ሆነሽ የገበሬ ሙግት ምን አገባሽ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ልምምድ ላይ እንዳንደርስ ተከለከልን። ለበዓሉ ቀን የተሰጠን ሥራ መጋረጃ መሳብ ነበር። እኛው ጽፈነው፣ እኛው ገመድ ጎታች ሆንን።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዳኛው ከፊት፣ ምንጣፍ በተነጠፈለት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የጓደኛዬ አባት የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰው መሐል ላይ ናቸው። መጋረጃውን ሳብን። ገበሬው ወጣ፤ ፀጉሩ ላይ ድርቆሽ ተነስንሶበታል። አፉ እየተሳሰረ በተሰባበረ አማርኛ አንዲት ነገር ጀምሮ መጨረስ ያቅተዋል፤ ዳኛ የሆነው ልጅ በትዕግሥት ያርመዋል። እኛ ይህን አልጻፍንም! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እውነተኛው ዳኛ እንባውን በመሐረብ ይጠርግ ነበር። ጓደኛዬን አየሁት፤ ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሞ ጠምጥሞ ጣቶቹ ደም አጥተዋል። በመጨረሻም ገበሬው ተንበርክኮ ስለ ተፈረደበት አመሰገነ።

ያን ጊዜ ከመሐል «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ መጣ።

የጓደኛዬ አባት ነበሩ። ያን ቃል የሰማ ሰው ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ ያኔ እንዲያ ነበር። ሳቁ ቀጥ አለ። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ደረቀ፤ ተንበርካኪው ልጅም እንደተንበረከከ ቀረ። እሳቸው ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ችሎት እንደሚቀርብ ሰው ዳኛው ፊት ቆሙና በኦሮምኛ ተናገሩ። ድንበሩን፣ ምንጩን፣ ጎረቤቶቹን። «ዱቢን ኮ ሂንጌኜ» አሉ፤ ቃሌ አልደረሰም ማለታቸው ነው። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይባል የለ? እሳቸውን የቆረጠማቸው መፈረዱ ሳይሆን አለመሰማታቸው ነበር። ዳኛው ዓይን ዓይናቸውን እያየ ሰማ። ምንጩ ላይ ሲደርሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ገብቶታል!

ሲጨርሱ ወደ አስተማሪያችን ዞር አለና፣

«ምን ይላል?» አለ።

አስተማሪያችን ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ። መጋረጃው ጥግ ለቆምነው ለሁለታችን በደንብ ይሰማ ነበር።

«ቴአትሩ ደስ ብሎኛል፤ ዕድሜ ይስጥልኝ ይላል።»

«ደግ፣ ደግ» አለ ዳኛው፤ ቆሞም አጨበጨበ። እሱ ሲያጨበጭብ ማን ቁጭ ይላል? ከኋላ ያሉት የሰውየው አቤቱታ የተሰማ መስሏቸው እልል አሉ። እኔ «ውሸት ነው! እንዲህ አላሉም!» ብዬ ጮህኩ። በጭብጨባው መሐል ማንም አልሰማኝም። አስተማሪያችን ብቻ ሰምቶ መጣና ገመዱን ከእጄ ነጥቆ መጋረጃውን ዘጋው።

ውጭ የሰኔ ዝናብ ያካፋል። የጓደኛዬ አባት ፊታቸው ፈክቶ እኛን ሲጠብቁ አገኘናቸው። የልጃቸውን ትከሻ ያዙና «ማል ጄዼ?» አሉት። ዳኛው ምን አለ ነው ነገሩ።

ጓደኛዬ እኔን አየኝ፤ ቀጥሎም መሬቱን። ያ አስተርጓሚን በብዕሩ ሲያዋርድ የከረመ ልጅ፣ በገዛ ቋንቋው፣ ቀስ ብሎ፣

«ሰምቻለሁ አለ፣ አባ። ነገርዎን መልሼ አያለሁ አለ» አላቸው።

ዳኛውንም አስተማሪውንም ይቅር ያላልኩት በዚህ ነው፤ ልጁን ለአባቱ አስተርጓሚ አደረጉት። እሳቸው ፈጣሪያቸውን አመስግነው ቀድመውን ሄዱ። ያን ክረምት የሜዳውን አጥር እንደ አዲስ አጠሩ፤ ከብት እንዳይገባበትም ዝናብ እየደበደባቸው ሣሩን ለጥቅምት አጨዳ ሲጠብቁ ከረሙ።