በጃኬት እጅጌ የታሰረው አደራ

ነገሩ የደረሰብኝ አምና ጥቅምት ላይ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ መናኸሪያ ውስጥ ጥቅል ነገር የያዘ ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ካየሁ ልቤ ይደነግጣል።

መካነ ሰላም ገበያ ሰልባጅ ልብስ እሸጣለሁ። ዕቃ የማመጣው ከደሴ ነው። ሰው ቶሎ አላምንም። ባሌ እንኳ "አንቺ የገዛ ጥላሽንም አታምኚ" ይለኛል። እውነቱን ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ መስኮት ዳር ተቀምጫለሁ። አንድ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ በመስኮቱ በኩል መጡ።

"ልጄ፣ መካነ ሰላም ነሽ?"

አዎ ከማለቴ ጥቅል ነገር አቀበሉኝ፣ ስልክ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ጨመሩልኝና የእኔንም ቁጥር ተቀበሉኝ። "ልጄ ሰይድ እዚያ ይቀበልሻል። የሰማይ የምድር አደራ!"

ጥቅሉ የጃኬት እጅጌ ነው። ከትከሻው ተቆርጦ ሁለቱም አፉ በሲባጎ ታስሯል። ትንሽ ነው፤ ክብደቱ ግን ለጉድ ነው።

"ውስጡ ምንድን ነው አባቴ?"

"እኔስ መች አውቄው! ከአዲስ አበባ ለሥራው ብለው ልከውለት ነው። ብቻ ውሃ እንዳያገኘው ብሏል።" ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለረዳቱ እንዳትሰጪው፣ ከእጅሽ እንዳይወጣ። አብሽሪ፣ አላህ በሰላም ያድርስሽ።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ሽማግሌ አደራ ብሎ የሰጠውን ዕቃ በመስኮት መልሶ መወርወር በእኛ አገር እንዴት ይቻላል? መኪናውም ተንቀሳቀሰ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጨዋታ አዋቂ ናት። ገና ከደሴ ሳንወጣ ቆሎዋን ታካፍለኝ ጀመር። ከሩቅ ለሚያየን እህትማማች እንመስላለን። እኔ ግን ልቤ ከጨዋታው ላይ አልነበረም። በጣቶቼ እጅጌውን እዳብሳለሁ። ትንንሽ፣ ክብ፣ ጠንካራ ነገር ነው። ሲነካካ ቅጭል ቅጭል ይላል።

ጥይት ነው አልኩ በሆዴ። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ መንገድ ላይ፣ ጥይት ይዞ መገኘት ምን እንደሚያመጣ ለማንም አይጠፋውም። ልጆቼ ፊቴ ላይ መጡብኝ።

አቀስታ ልንደርስ ስንል ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ወንድ ነው። "እህቴ፣ ሰይድ ነኝ። ዕቃዋን ይዘሻታል አይደል? በምንም ተአምር እንዳትፈቻት!" ለምን ብዬ ስጠይቀው ኔትወርኩ ጠፋ።

በቃ፣ አለቀልኝ።

ከአቀስታ አለፍ ብለን መኪናው ለሽንት ሲቆም ጥቅሉን ነጠላዬ ውስጥ ይዤ ቁጥቋጦ ጀርባ ሄድኩና ፈታሁት። ጥይት አይደለም። የሚያብረቀርቅ፣ ከጥፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ብረት ነው። ባንድ በኩል ዙሪያውን ጥርስ አለው። የባሰውን ፈራሁ። ጥይትን ቢያንስ በስሙ አውቀዋለሁ፤ ይኼ የምን መሣሪያ ይሁን የምን አላውቅም። ድንጋይ ሥር ጥዬው ልሂድ አልኩ። ደግሞ የሽማግሌው ፊት ታወሰኝ። ዕቃው ንጹሕ ከሆነ የሰው አደራ በላሁ ማለት ነው። ሹፌሩ ጡሩንባውን ሲነፋ መልሼ አሰርኩት።

መካነ ሰላም ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ፍተሻ አለ። ወረድን። ፈታሹ እጅጌውን አነሳና ክብደቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"የማነው?"

"የሰው አደራ ነው።"

"የማን?"

"አላውቃቸውም።"

"ምን አለበት?"

"እሱንም አላውቅም።"

የራሴን መልስ ስሰማው እኔም ራሴን ጠረጠርኩ።

ማዳበሪያ ላይ ዘረገፈው። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ "ዳዶ ይመስላል እኮ፣ ብሎን የሚገባበት" አለ። ፈታሹ አንዱን አንስቶ አገላበጠው። "ዳዶማ ቁልፍ የሚይዘው ማዕዘን አለው። ይኼ ክብ ነው። ክብ ዳዶ በምን ይጠብቃል?" ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ ወደመጣችው ሴት ዞረ። "አብራችሁ ናችሁ?"

"ኧረ እኔ አላውቃትም! መኪና ላይ ነው ያየኋት" አለች። ቆሎዋ ገና ጥርሴ ሥር ነበር።

ፈታሹ በራሴ ስልክ ሰይድን ጠርቶ ና አለው። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ እኔ ቁልቁል መሬት አያለሁ። ይመጣል ብዬ አላመንኩም። የያዘው ነገር መጥፎ ከሆነ ለምን ይመጣል?

መጣ። እጁ ግራሶ በግራሶ የሆነ ሰው ሞተር ሳይክል ላይ የቁም ሳጥን በር አስሮ ከተፍ አለ። በሩ ከስስ ላሜራ የተሠራ ነው። እነዚያ ክብ ብረቶች ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተቀብረውበታል።

"ላሜራው ስስ ነው" አለ ለፈታሹ። "ዳዶ ልበይድበት ብል እሳቱ ይበሳዋል። እነዚህን ግን ቀዳዳው ላይ አድርጌ በሞርሳ መንጋጋ አጥብቄ ስጫናቸው ጥርሳቸው ላሜራውን ነክሶ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ አይዞሩም፤ ቁልፍም አያስፈልጋቸው።"

ፈታሹ ብሎን ተቀብሎ ራሱ አጠበቀ፣ ፈታ፣ እንደገና አጠበቀ። በሰንጢ ጫፍ ሊነቅለው ሞከረ። ንቅንቅ አላለም። "ሂዱ በቃ" አለ። ያም ሆኖ አንዷን ለአለቃው ሊያሳይ ኪሱ ከተታት።

እኔ ሰይድ ላይ ጮህኩበት። "ታዲያ ለምንድን ነው አትፍቺ ያልከኝ?"

"ወላሂ እህቴ፣ ያለፈው ጊዜ ያመጣልኝ ሰውዬ ፈትቶ መኪና ውስጥ በተነብኝ። ከወንበር ሥር ስለቅም ዋልኩ።"

ወደ መኪናው ስንመለስ ያቺው ሴት ቆሎዋን ዘረጋችልኝ። በቃኝ አልኳት። አሁን ሳስበው ግን አልፈርድባትም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላውቃትም ባይ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ደሴ ስሄድ ሽማግሌው ያው መናኸሪያ ውስጥ እኔን ሲፈልጉ አገኘኋቸው። ሌላ እጅጌ ይዘዋል። ይኼኛውን አላሰሩትም።

"ልጄ፣ ሰይድ ያየሽውን ሁሉ ነግሮኛል። አውፍ በይኝ። አሁን እይው" አሉና አፉን ከፍተው ያዙልኝ።

"ግድ የለም፣ አምኛለሁ" ብያለሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግን እጄን ሰድጄ እስከ ታች በረበርኩት። እሳቸው ምንም ቅር ሳይላቸው ቆመው ጠበቁኝ። እጄን ሳወጣ ሲባጎውን ራሳቸው አሰሩና አደራ አሉኝ።

ሌላ ሰው አደራ ሲለኝ ዛሬም እሸሻለሁ። እሳቸውን ግን እወዳቸዋለሁ።